ሰው «ቀላሽ!» ይለኛል፣ እኔ ግን ፊቴ እየነደደ ነው

ጠይሟ • ሰኞ ምሽት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ቆይቻለሁ፣ ግን አንባቢ ነበርኩ። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆጡ።

ፊቴ ይግላል። ትኩሳት አይደለም፣ ለክቼዋለሁ፣ 36.6 ነው። ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ ብቻ ምድጃ አጠገብ የተቀመጥኩ ያህል ይፍማል። ትኩስ ሻይ ስጠጣ ይነሳል። ከፀሐይ ወደ ቢሮ ስገባ ይነሳል። አለቃዬ ስሜን ሲጠራ ይነሳል። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ደግሞ ለጉድ ነው፤ አክንባሎውን ባነሳሁ ቁጥር እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አይበርድልኝም። ትንንሽ ሽፍታም ይወጣል። ብጉር ይመስላል፣ ግን ሲጫኑት የሚወጣ ነገር የለውም። ሳሙና ሲነካኝ ይለበልበኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጠይም ነኝ። ቅላቱ ለሰው አይታይም፤ ቢበዛ ጠቆር ያልኩ ወይ የተቆጣሁ እመስላለሁ። «ፊቴ ቀላ» ስላቸው ደግሞ ደስ ብሎኝ የማወራ ይመስላቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እየተቃጠልኩ አየችኝና «ውይ፣ ቀላሽ እኮ! ምን ተቀብተሽ ነው?» አለችኝ። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

አራት ወር ሆነኝ። ሎሚ ሞከርኩ፣ እሬት ሞከርኩ። አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ይሄ ነገር ምንድነው? የደረሰበት አለ?

ባለባጃጅ_ሐዋሳ • ሰኞ ምሽት 3፡24

አለቃሽ ሲጠራሽ የሚነሳ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ሥራ ነው ሃሃሃ። ይቅርታ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እኔም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነኝ፣ ማታ ፊቴ የቆሎ ምጣድ ይሆናል። ግን ውሃ ሲነካው ይተወኛል። ያንቺ ይለያል መሰለኝ።

የልጆች_እናት • ሰኞ ምሽት 3፡41

ልጄ፣ አክስትሽ እውነቷን ነው። ምች ነው። ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጥተሻል፣ አለቀ። ዳማከሴውን በአንድ ቀን ስለተውሽው ነው። ሦስት ቀን ነው የሚደረገው።

ቀይ_ዳማ_ሚኒያፖሊስ • ሰኞ ምሽት 4፡15

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምች የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከንፈርና አፍ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ይወጣል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ደርቆ ይሄዳል። አራት ወር ሙሉ ሻይ በጠጡ ቁጥር አይነሳም። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ደግሞ ዳማከሴም ሆነ ሎሚ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።

ጠይሟ፣ ታሪክሽን ሳነብ የራሴን ያነበብኩ መሰለኝ። የኔ ስሙ ሮዜሺያ ነው። የቆዳ ሕመም ነው፤ አይተላለፍም፣ ካንሰርም አይሆንም፣ ግን አብሮሽ ይኖራል። ይነሳል፣ ይተኛል። የፊት የደም ስሮች በትንሽ በትልቁ ይከፈታሉ፣ ቆዳውም ቁጡ ይሆናል።

ችግሩ ይሄ በሽታ የነጮች ነው ተብሎ የኖረ መሆኑ ነው። «የኬልቶች እርግማን» የሚል ቅጽል ስም ሁሉ አለው። መጽሐፎቹ ላይ ያሉት ፎቶዎች እንደ ቲማቲም የቀሉ ነጭ ፊቶች ናቸው። የኛን ቆዳ ያየ ሐኪም ያንን ቀለም ይፈልግና ያጣዋል። እኔ ብጉር ነው ተብዬ ሁለት ዓመት የብጉር መድኃኒት ስቀባ ኖሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አደረቀኝ፣ አቃጠለኝ። ሚኒሶታን ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ነው፣ ቤት ስትገቢ ሂተሩ። በቀን አሥር ጊዜ ፊቴ ይነድ ነበር።

አራተኛዋ ሐኪም ናት ያገኘችው። ፊቴን ከማየቷ በፊት «ምን ይሰማሻል?» አለችኝ። ይሞቅሻል? ይወጋሻል? ዓይንሽ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስልሻል? ሦስቱንም አዎ አልኳት። ከዚያ ጉንጬን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችና ቀለሙ ሲመለስ አየችው። በእኛ ቆዳ ከዓይን ይልቅ ስሜት ነው የሚናገረው።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ፎቶ ስትነሺ ከኋላሽ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አድርጊ፣ በመስኮት ብርሃን ብቻ። ቅላቱ ጎልቶ ይወጣል። እኔ የድሮ የትምህርት ቤት ሹራቤን ወንበር ላይ አንጠልጥዬ ነው የምነሳው። ሲነሳብሽ አንድ፣ ሲበርድ አንድ አንሺና ሐኪም ጋ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪም ቤት የሄድሽ ቀን ሁሌ ሰላም ነው የሚሆነው፣ የታወቀ ነው።

ከባንኮኒው_ጀርባ • ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

ፋርማሲስት ነኝ። ቀይ ዳማ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ ሮዜሺያ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጠይሟ በሐቅ መልሺልኝ። ሎሚ፣ እሬት፣ ዳማከሴ ብለሻል። ከነሱ በፊትስ ምን ስትቀቢ ነበር?

ጠይሟ • ማክሰኞ ቀን 7፡05

ያው የተለመደ ክሬም ነው።

ከባንኮኒው_ጀርባ • ማክሰኞ ቀን 7፡09

ቱቦው ላይ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ጻፊልኝ።

ጠይሟ • ማክሰኞ ምሽት 2፡30

እሺ፣ ቤት ገብቼ አየሁት። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05% ይላል።

ለማድያት ነው የጀመርኩት። ከዓይኔ ሥር ትንሽ ነበረብኝ። ጓደኛዬ ናት ያሳየችኝ፣ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ገዛሁት፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው ወር ላይ እኮ ፊቴ መስታወት ሆኖ ነበር! ያኔ ነው ሰው ሁሉ ቀላሽ ቀላሽ ማለት የጀመረው። ሰባት ወር ሊሆነኝ ነው። መሃል ላይ ለማቆም ሞክሬ ነበር፤ ሦስት አራት ቀን እቆይና ፊቴ ሲነድ መልሼ እቀባዋለሁ፣ ወዲያው ይበርዳል። ስለዚህ መድኃኒቴ እሱ ነው ብዬ ነበር። ስለዚያ ነው ያልጻፍኩት።

ከባንኮኒው_ጀርባ • ማክሰኞ ምሽት 3፡20

አመሰግናለሁ፣ እንኳን ጻፍሽው። የሚበርድልሽም የሚያነድሽም እሱ ነው።

ክሎቤታሶል ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን ቁጣ የሚያፍን መድኃኒት። ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ከኃይለኞቹ ተርታ ይመደባል። መዳፍ ላይ፣ እግር ላይ፣ ወፍራም ቆዳ ላይ ላለ ከባድ ችግር ነው የሚታዘዘው፣ ያውም በተከታታይ ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው የታጠፈች ወረቀት ፊት ላይ እንዳይቀባ ትላለች። ማንም አያነባትም እንጂ።

የደም ስሮችንም ያኮማትራል። ስሮቹ ሲኮማተሩ ፊት ገረጣ ይላል፣ ብጉሩም ሽፍታውም ጭጭ ይላል። ሰው የሚያየው ቅላት ይሄ ነው። ከሥር ግን ቆዳው እየሳሳ ነው። ወር ሲደራረብ መከላከያው ያልቃል፣ ስሮቹ ልማድ ይይዛሉ። የተውሽው ቀን ሁሉም በአንዴ ይከፈታል። ያኔ ይነዳል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ አንቺም ደንግጠሽ መልሰሽ ትቀቢዋለሽ። ካንቺ በፊት በዚህ አዙሪት ስንቷ ባንኮኒዬ ጋ መጥታለች። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ሳቆመው ስለሚብስብኝ ጨምርልኝ።»

ነገር_አይገባኝም • ማክሰኞ ምሽት 3፡33

ቆይ፣ የምትሸጡት እናንተ፣ የምትመክሩት እናንተ? ያለ ሐኪም ወረቀት እንደ ማስቲካ እየሸጣችሁ!

ከባንኮኒው_ጀርባ • ማክሰኞ ምሽት 3፡50

ልክ ነህ። ሥራ የጀመርኩበት ፋርማሲ ውስጥ እኔም ሸጫለሁ። አለቃዬ «ካልሸጥክላት ጎረቤት ትገዛለች» ይለኝ ነበር፣ እውነቱንም ነበር። አሁን ቢያንስ «የት ነው የምትቀቢው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ «እግሬን» ትለኛለች፣ ጉንጯን እያየሁት።

ነጭ_ጋውን • ማክሰኞ ምሽት 4፡40

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ የቆዳ ስፔሻሊስት አይደለሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ጠይሟ፣ ዛሬ ማታ በንዴት ቱቦውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትወረውሪው። ማቆምሽ አይቀርም፣ እንዴት የሚለውን ግን ከቆዳ ሐኪም ጋር ወስኚ። አንዳንዱ በአንዴ ያስቆማል፣ አንዳንዱ ወደ ደካማ ስቴሮይድ እያወረደ ያስለቅቃል። ሰውነቱን በሙሉ ለወራት ሲቀባ የኖረ ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፣ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ሊያቆም ይችላል። አዲስ አበባ ካለሽ ዘነበወርቅ፣ አለርት፣ ጥሩ የቆዳ ክፍል አለው። ስሙን ስትሰሚ የሥጋ ደዌ ብቻ እየመሰለሽ አትፍሪ።

ሁለተኛ፣ ፊት የቀላ ሁሉ ሮዜሺያ ወይም ስቴሮይድ አይደለም። ቅንድብና የአፍንጫ ጥግ ላይ ቅባታማ ቅርፊት ካለው ሌላ ነገር ነው፣ የራስ ፎረፎር ዘመድ። ጉንጭ ላይ ሆኖ መገጣጠሚያ የሚያም፣ ትኩሳት ያለው፣ አፍ የሚያቆስል ከሆነ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳይሆን ደም ይመርመር። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስቸገረ የዓይን ሐኪም ጋ፣ ነገ ሳይባል። ከንፈር አብጦ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ይሄን እያነበባችሁ አትቆዩ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የልጆች_እናት • ረቡዕ ጠዋት 12፡30

ዶክተር፣ እኔስ? ዕድሜዬ 51 ነው። ከደረቴ ተነስቶ ወደ አንገቴ፣ ወደ ፊቴ ሽቅብ ይወጣል። ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ከዚያ ይበርደኛል። ሌሊት ጋቢውን ጥዬ እንደገና እፈልገዋለሁ። ግፊት ነው ብዬ የግፊት ኪኒን ጀምሬያለሁ፣ አምሎዲፒን። ሽፍታ የለኝም።

ነጭ_ጋውን • ረቡዕ ጠዋት 1፡15

እናቴ፣ የርስዎ የወር አበባ መቋረጫ ጊዜ ሙቀት ይመስላል። ደቂቃዎች ቆይቶ በላብ የሚያልቅ፣ ቀጥሎ ብርድ የሚያመጣ እሱ ነው። አምሎዲፒንም ራሱ በአንዳንድ ሰው ፊትን ያግላል። ኪኒኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ! ያዘዘልዎት ሐኪም ጋ ሄደው ይንገሩት፣ የሚቀየር ከሆነ እሱ ይቀይረዋል። ግፊትዎን የለካልዎት ሰው አለ ወይስ ስለሞቀዎት ነው የጀመሩት?

የልጆች_እናት • ረቡዕ ጠዋት 1፡22

ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ።

ነጭ_ጋውን • ረቡዕ ጠዋት 1፡23

እናቴ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይለኩ። ኪኒኑንም ይዘውት ይሂዱ።

ቡና_አልተውም • ረቡዕ ቀን 9፡00

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ማንም ያልመለሰው ዋናው ጥያቄ፦ ቡና መተው አለብን? እኔም ጉንጬ ይነዳል፣ ዘነበወርቅ ሄጄ ሮዜሺያ ተብዬአለሁ። ባለቤቴ አሁን ረከቦቱን ደብቃብኛለች።

ቀይ_ዳማ_ሚኒያፖሊስ • ረቡዕ ምሽት 2፡10

ረከቦቱን አስመልስ! ወንጀለኛው ቡናው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ ተመራማሪ ሮዜሺያ ያለባቸውን ሰዎች ትኩስ ቡና፣ ትኩስ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ቡና አጠጥቶ አይቷቸዋል። ትኩስ ውሃ ብቻውን ፊታቸውን አቀላው። የቀዘቀዘው ቡና ምንም አላደረገም። በ2018 ደግሞ ከ82,000 በላይ አሜሪካዊ ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ በቀን አራት ኩባያና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በወር አንድ እንኳ ከማይጠጡት ይልቅ ሮዜሺያ የያዛቸው ያነሱ ነበሩ። መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፣ ኩባያውም የነሱ ኩባያ ነው። ግን ረከቦት አያስደብቅም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ሲኒውን አጠገቤ አስቀምጬ ወሬዬን እቀጥላለሁ። ሰው ቶናውን ሲጀምር እኔ አቦሌን እጠጣለሁ። እናቴ «ቡናውን ናቅሽው» ብላ ተቀይማኝ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች።

ባለባጃጅ_ሐዋሳ • ረቡዕ ምሽት 2፡31

ቀዝቃዛ ቡና ከመጠጣት ፊቴ ይቃጠል።

ቡና_አልተውም • ረቡዕ ምሽት 2፡40

በርበሬስ? ስለ በርበሬ ምንም አትበሉኝ እባካችሁ።

ቀይ_ዳማ_ሚኒያፖሊስ • ረቡዕ ምሽት 3፡05

በርበሬው እንኳን እውነት ነው፣ ምን ላድርግህ። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀት የሚያውቀውን ነርቭ ራሱን ነው የሚነካው። ሰውነትህ ተቃጠልኩ ብሎ ስሮቹን ይከፍታል። ግን ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ዶሮ ወጥ ለብ ሲል እበላለሁ፣ ሚጥሚጣ ግን አሰናብቻለሁ። ጠጅና አረቄም እንዲሁ፤ ቀይ ወይን ይገድለኛል፣ ቢራ ብዙ አይለኝም። ለአንድ ወር ደብተር ያዝ። የበላኸውን፣ የጠጣኸውን፣ የተናደድክበትን፣ ፀሐይ ላይ የቆየህበትን ጻፍ። ሰው በነገረህ ዝርዝር ሁሉን ነገር ከተውክ ምን ልትበላ ነው?

ሳሚ_ጂም • ረቡዕ ምሽት 3፡30

ስፖርትስ? እኔ ሃያ ደቂቃ ከሮጥኩ ፊቴ ለሁለት ሰዓት ቢራቢሮ ይሠራል።

ነጭ_ጋውን • ረቡዕ ምሽት 4፡02

ስፖርት አትተው። ጠዋት በማለዳ ሩጥ፣ አንዱን ረጅም ሩጫ ለሁለት አጭር ክፈለው፣ አንገትህ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርግ። በረዶ ቀጥታ ፊትህ ላይ አትጫን፣ ቁጡ ቆዳ እሱንም አይወድም። ፀሐይ ግን አደራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር 10% አካባቢ ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም።

ጠይሟ • ሐሙስ ጠዋት 2፡00

የፀሐይ ክሬም ገዝቼ ነበር። ዱቄት ቤት የዋልኩ አስመሰለኝ፣ ደግሞ አቃጠለኝ።

ከባንኮኒው_ጀርባ • ሐሙስ ጠዋት 2፡25

የሚያቃጥል ከሆነ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ፈልጊ፣ ቁጡ ቆዳ እሱን ይችለዋል። ነጭ የሚያደርገው ግን እሱው ነው። ስለዚህ ቀለም ያለውን ያዢ፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ ቡናማ የሆነውን። ለማድያትሽም ይሻላል፤ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ላዩ ላይ የተጻፈው የፀሐይ መከላከያ ቁጥር (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። እስክታገኚው ሰፊ ባርኔጣ ወይ ጃንጥላ። ፊትሽን ለብ ባለ ውሃ በጣትሽ ብቻ ታጠቢ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሎሚ፣ መፈግፈጊያ የሚሉት ሁሉ ይቅር።

የጅማ_ልጅ • ሐሙስ ቀን 6፡48

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔ ለሮዜሺያ አይቨርሜክቲን 1% የሚባል ክሬም ታዘዘልኝ። ስሙን ሳይ ሳቄ መጣ። ልጅ ሆነን መንደራችን በየዓመቱ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት የሚታደለው ኪኒን እኮ ነው! በዱላ ቁመታችንን እየለኩ ነበር የሚሰጡን፤ ረጅም ልጅ ብዙ ኪኒን። እኛም በጣታችን ቆመን እንለካ ነበር። አሁን ፊቴ ላይ የሚቀባው ቆዳ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮችን ያመናምናል አሉኝ። ተባዮቹ ሁላችንም ላይ አሉ፤ ሮዜሺያ ያለበት ሰው ላይ ግን ይበዛሉ። ለሽፍታው ጥሩ ሠርቶልኛል፣ ግን ወር አልፎት ነው ለውጥ ያየሁት። ለቅላቱ ያን ያህል ነው።

ቀይ_ዳማ_ሚኒያፖሊስ • ሐሙስ ምሽት 3፡00

ለቅላቱ ብቻ የሚሆን ብሪሞኒዲን የሚባል ጄል አለ፣ ስሮቹን ለሰዓታት ይዘጋል። ለሠርግ ተቀብቼው ነበር። ኬክ እስኪቆረስ ቆንጆ ነበርኩ። ወደ ማታ ለቀቀና ከበፊቱ ብሶ ተመለሰብኝ፤ የቪዲዮው ሁለተኛ ክፍል ላይ ሌላ ሰው ነኝ። ሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም፣ ግን የሠርግ ቀን አትሞክሩት። ስቴሮይድ ያንገላታው ፊት ላይማ ጭራሽ ያለ ሐኪም አይታሰብም።

ጠይሟ • ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን 8፡20

ሰላም፣ ተመልሼ መጣሁ።

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ፎቶዎቹን በሰማያዊ ጨርቅ ተነስቼ አሳየኋት፣ ቱቦውንም ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጠው መሳቢያዋን ከፈተችና ሌሎች ሰዎች ያመጡትን አሳየችኝ፣ መሳቢያ ሙሉ ቱቦ። ስቴሮይድ ያመጣው ነው አለችኝ። ከሥሩ የራሱ ሮዜሺያ ይኑር አይኑር ቆዳሽ ሲረጋጋ እናያለን ብላኛለች። በአንዴ አስቆመችኝ። ማታ ማታ ሜትሮኒዳዞል ጄል፣ ዶክሲሳይክሊን ለስድስት ሳምንት፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ፣ ሌላ ምንም። ዶክሲሳይክሊኑን ከማዘዟ በፊት እርጉዝ አለመሆኔን ጠይቃኛለች። በብዙ ውሃ ውሰጂ፣ ወተት አታስከትዪ፣ ውጠሽ ወዲያው አትተኚ፣ ፀሐይም ተጠንቀቂ አለችኝ።

አልዋሻችሁም፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልመለስበት ነበር። ፊቴ አብጦ፣ ተልጦ፣ ሽፍታው አገጬ ድረስ ወርዶ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነበር የቆምኩት። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ቱቦውን ፈለግኩት። ረስቼው ነው እንጂ ሐኪሟ ጋ ቀርቷል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሻይ ጠጥቼ ምንም አልሆንኩም። ከኩባያው ጋር ተቀምጬ ጠበቅኩት፣ አልመጣም። አሁንም ይነሳል፣ ግን በአሥር ደቂቃ ይበርዳል። ማድያቱ ተመልሷል፣ ለሱ ቆይ ብላኛለች። አክንባሎውን ወንድሜ ነው የሚያነሳልኝ። ሁለት እንጀራ ቀዶብኛል።

ያቺ ባልደረባዬ ሐሙስ ዕለት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምነው ጠቆርሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?»

የልጆች_እናት • እሑድ ቀን 8፡45

እልልል! ልጄ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔም ተለካሁ፣ ግፊት የለኝም ተባልኩ። ኪኒኑን ለጎረቤቴ መለስኩላት፣ ተኮራርፈናል።

አዲስ_ገቢ • እሑድ ምሽት 1፡12

ሰላም፣ እኔም ልክ እንደሷ ነው የሚያደርገኝ፣ ሦስት ወር ሆነኝ። እባካችሁ የዚያን የማታውን ጄል ስም ጻፉልኝ፣ ነገ ልግዛ።

ከባንኮኒው_ጀርባ • እሑድ ምሽት 1፡15

መጀመሪያ አሁን የምትቀቢውን ቱቦ ስም አንቺ ጻፊልን።